የ12ኛ ክፍል ሒሳብ ቱቶሪያል ልታስመዘግቡ ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ንዴቴ አልበረደም። ቢሆንም ሌላ ሰው ነገ ሄዶ ሳይከፍል ልጻፈው።

አራት ኪሎ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ፎቅ ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜን ለማትሪክ ሒሳብ አስመዝግቤ 9,000 ብር ተበላሁ። እንዲህ ያሉትን ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ። በራፉ ላይ ከፍተኛ ውጤት ያመጡ የሚባሉ ልጆች ፎቶ ያለበት ባነር አለ። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ "ቦታ እያለቀ ነው፣ ዛሬ ከከፈላችሁ ቅናሽ አለ" ትላለች። ክፍያው የ3 ወር በአንድ ጊዜ፣ በቴሌብር፣ በግለሰብ ስልክ።

የሚያስተምረው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው ተባልን። ሞጁሉም በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የተዘጋጀ ነው፣ ዋጋው ክፍያው ውስጥ ተካቷል አሉን። እኔን ያሳመነኝ ሞጁሉ ነበር። የተባለው መምህር መጀመሪያ ላይ ብቅ ብሎ ጠፋ። በእሱ ቦታ ገና ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ መጣ። ልጁ ላይ ብዙ አልፈርድም፣ ያገኘውን ሥራ ነው የያዘው።

ነገሩ የፈነዳው በአንድ ጥያቄ ነው። ወንድሜ ማታ ቁጭ ብሎ የሲኩዌንስ ኤንድ ሲሪስ ጥያቄዎችን ሲሠራ ጠራኝ። ጥያቄው 8 ሲደመር 4 ሲደመር 2 ሲደመር 1 እያለ ማለቂያ ሳይኖረው የሚቀጥለው ድምር ስንት ይሆናል ነው። እሱ 16 አገኘ። የሞጁሉ መልስ 15 ይላል። ልጁ ራሱን ተጠራጥሮ ደጋግሞ ሠርቶታል፣ ላጲሱ ወረቀቱን ቀዶታል። መጽሐፉን አውጥተን አየን። የመጀመሪያው ቁጥር 8፣ ሬሾው ግማሽ። 8ን ከ1 ላይ ግማሽ ሲቀነስ ለሚቀረው ታካፍላለህ፣ 16 ነው። መልሱን ያዘጋጀው ሰው የሚታዩትን አራት ቁጥሮች ብቻ ደምሮ ቆሟል። ወንድሜ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሲጠይቅ "የመልሱን ቁልፍ ያዝ፣ ሰዓት አትግደል" ተባለ።

ከዚያ በኋላ ሞጁሉን ገጽ በገጽ ማየት ጀመርኩ። ሽፋኑ በቀለም የታተመ፣ "አዲሱ ካሪኩለም" የሚል በትልቁ የተጻፈበት ነው። ውስጡ ግን የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ ነው። ከገጹ ሥር የነበረ ጽሑፍ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፈው ነው ያባዙት፣ የወረቀቱ ጠርዝ እንደ ጥላ ሆኖ በየገጹ ይታያል። አንዱ ገጽ ላይ ልጥፉ ትንሽ ሸሽቶ "2008" የሚል ዓመት ተርፏል። የሆነ ተማሪ በእርሳስ የከበበው መልስም አብሮ ተባዝቷል። ምዕራፎቹ የድሮው የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ምዕራፎች ናቸው። የአሁኑ መጽሐፍ አምስት ምዕራፍ ነው ያለው፤ ሲኩዌንስ ኤንድ ሲሪስ፣ የካልኩለስ መግቢያ፣ ስታቲስቲክስ፣ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ፣ ሒሳብ በንግድ ሥራ። ሞጁሉ ውስጥ ስለ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ አንድ ገጽ የለም። አንድ ሙሉ ምዕራፍ ማለት ነው!

ወንድሜን ይዤ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ስልኩን እየነካካ አዳመጠኝ።

"እህት፣ ሒሳብ ሒሳብ ነው። አዲስና አሮጌ የለውም።"

"ሊኒየር ፕሮግራሚንጉስ?"

"ይደርሳል።"

"ሞጁሉ ውስጥ እኮ የለም።"

አልመለሰልኝም። ወደ ወንድሜ ዞረና "ትምህርት ቤት ሒሳብ ስንት ነው የምታመጣው?" አለው። ወንድሜ በትንሽ ድምፅ "68" አለ። ሰውዬው ሪሴፕሽኒስቷን አይቶ ሳቀ። "68 የሚያመጣ ልጅ ይዘሽ ነው የእኛን ሞጁል የምታርሚው? ልጁ መሠረት የለውም። ለዚህ እኛን አትጠይቂ።" እሷም ሳቀች። ስህተቱን ያገኘው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን እያየ ቆመ። ብሩን እረሳዋለሁ፣ ይህን ግን አልረሳም። 17 ዓመቱ ነው። ፈተናው ሊደርስ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የሒሳብ ደብተሩን ግለጥ ስለው "መሠረት የለኝም" ይለኛል።

ብሬን መልሱ ስል ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አሳየኝ፦ የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም። የሰጡኝ ደረሰኝ ቲን ቁጥር እንኳ የሌለው ብጣሽ ወረቀት ነው።

እነዚህ ሰዎች የሚነግዱት በፍርሃታችን ነው። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ከ2014 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017ም ቁጥሩ 8.4 በመቶ ነው። ይህን የሰማ ቤተሰብ ተበድሮም ቢሆን ይከፍላል። እኛም ከዕቁብ ብር ላይ ነው ያነሳነው። ያንን ጭንቀት እያየ የድሮ ወረቀት በአዲስ ሽፋን የሚሸጥ ሰው ሌባ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ለምትመዘገቡ፦ ከመክፈላችሁ በፊት ሞጁሉን ካላሳዩን በሏቸው፣ መጽሐፉን ይዛችሁ ምዕራፍ በምዕራፍ አመሳክሩ። ሕጋዊ ደረሰኝ ከሌለ ውጡ። የ3 ወር በአንዴ አትክፈሉ። መጽሐፎቹን ትምህርት ሚኒስቴር በነጻ በኢንተርኔት ለቋቸዋል፤ እዚያው አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ለማጥናትም ክፍያ የለም። ወንድሜ አሁን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር እዚያ ነው የሚውለው።

እኔ ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ እያዘጋጀሁ ነው። አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፣ የባነሩንም የሞጁሉንም ፎቶ ይዣለሁ። እዚያው ቤት የከፈላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አብረን እናስገባው።