አራት ኪሎ ያለ የባህል ውዝዋዜ ክላስ፣ ከ2 ወር በኋላ

እውነት ለመናገር የተመዘገብኩት በንዴት ነው፣ የእህቴን የሰርግ ቪዲዮ ስናይ የአክስቴ ልጅ እኔ እስክስታ ስወርድ አይቶ "ብርድ ነው እንዴ የያዘሽ?" አለኝ፣ በቃ በሳምንቱ አራት ኪሎ አንድ ሶስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ክላስ ሄጄ ከፈልኩ። የማማርረውም ስላለኝ ስሙን ልተወው።

አሰልጣኟ ስትሳሳቺ "አይዞሽ ጎበዝ" ብላ አታልፍሽም፣ ሙዚቃውን ታቆመዋለች፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያይሻል፣ የመጀመሪያው ሳምንት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ነበር። ለካ እኔ ትከሻዬን የምመታ እየመሰለኝ በክርኔ ነው የምገፋው፣ አንገቴ አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሼንም ይዣለሁ። ምን አደረገች መሰላችሁ፣ ወገቤን አስያዘችኝና ነጠላ አጣጥፋ አናቴ ላይ አስቀምጣ "ሳትጥዪው ትከሻሽን ምቺ፣ አንገት በኋላ ይመጣል" አለችኝ። ወደቀ። ደገምኩ፣ ወደቀ። ከዛ "አሁን ሆን ብለሽ ጣዪው" አለች፣ እኔ ደሞ እያሾፈች መስሎኝ ነበር፣ ግን አውቄ ስጥለው ነው ጥፋቱ ከየት እንደሚነሳ የገባኝ፣ ክርኔ ቀድሞ ነው የሚሄደው።

ጉራጊኛ ላይም ያው ነው፣ ከፍ ብዬ በዘለልኩ ቁጥር ጎበዝ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር፣ ምቱ ፈጣን ስለሆነ ግን ከፍ ስትዪ ትዘገያለሽ፣ አየር ላይ እያለሽ ጥሎሽ ይሄዳል። የቤት ስራም አለ፣ ፒያሳ ሀገር ፍቅር ቴአትር (በ1927 ዓ.ም. ህዝቡን በጣልያን ወረራ ላይ ሊቀሰቅስ የተመሰረተው) የባህል ቡድን ሲሰራ ካገኛችሁ ትከሻቸውን ትታችሁ አገጫቸውን እዩ ትላለች፣ እስቲ እዩት፣ ትከሻው እንደዛ እየተርገፈገፈ ፊታቸው ፈገግ እንዳለ ነው።

አሁን ወደ ብሶቴ። ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ የጉራጊኛ ቀን ጉልበቴ ደረጃ አያስወርደኝም፣ ለዝላይ የሚያስከፍል ቤት እንዴት ጣውላ አያነጥፍም? 12 ሰዓት ተኩል የተባለው 1 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው የሚጀምረው። ቅዳሜ የሚተካው ልጅ ደሞ ተጫዋች ነው ምናምን ግን ፊት ቆሞ ይጨፍራል እኛ ከኋላ እንከተላለን፣ ተሳሳትሽ አልተሳሳትሽ ዞሮም አያይ፣ ያ እኮ ሰርግ ላይም በነፃ አለ።

የሶስተኛውን ወር ትናንት በቴሌብር ከፍያለሁ፣ ለማክሰኞና ለሐሙስ ብቻ።