ለአሮጌ ፒክአፕ ሻንሲ የቱ ይሻላል? ሬንጅ፣ ኢፖክሲ ወይስ ሰም

ሰበታ ውስጥ ባለች ትንሽ ጓሮ እ.ኤ.አ. በ1982 የተመረተ ሃይሉክስ እያደስኩ ነው። ነሐሴ ላይ ስገዛው ከስሩ ጥቁርና አብረቅራቂ ነበር። ሻጩ «አዲስ ሬንጅ ተቀብቷል፣ ከእንግዲህ ዝገት አያሰጋህም» አለኝና ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። ጥቅምት ላይ ከስሩ ገብቼ በጀርባዬ ተኛሁና የካቻቢቴውን ጫፍ ከኋላ ባሌስትራ (የብረት ቅጠል ሞላ) ማሰሪያው አጠገብ ሻንሲው ላይ፣ ማለትም መኪናውን የሚሸከመው ውስጡ ባዶ የብረት አጽም ላይ፣ ጫን አደረግኩት። ሊጥ የነካ ይመስል ገባ። ሬንጁ እንደ ጎማ ተላጦ ሲወርድ ከስሩ ቡናማ ቅርፊት በቅርፊት ላይ ተደራርቦ ታየ፤ በቅርፊቱ መሃል ደግሞ እርጥበት ነበር። ዝናብ ካቆመ ሦስት ሳምንት አልፎታል።

ከዚያ ወዲህ የዝገት መከላከያ ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ውሃ ከስሩ ቢገባ ያሳየኛል ወይስ ይደብቅብኛል?

በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን መኪና ከስሩ ቶሎ ይበላል። እኛ ጋ ያ ችግር የለም፤ የእኛ ጠላት ዋልካው ነው። በአቃቂ፣ በዱከም፣ በዓለም ገናና በሰበታ በኩል ጥቁሩ ጭቃ ከሰኔ ጀምሮ ፓራፋንጎው (የጎማው መሸፈኛ) ውስጥና ሻንሲው ጠርዝ ላይ ይለጠፋል። ላዩ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ውስጡ ገና እርጥብ ነው፣ እንዲያ ሆኖ ለሳምንታት ይቆያል። ብረት ውሃና አየር ካገኘ ለመዛግ ሌላ ነገር አይፈልግም። ጨው ከተጨመረ ግን ይፈጥናል። ስለዚህ ከአፋር በኩል ጨው ሲያመላልስ የኖረ ፒክአፕ ወይም በግና ፍየል ሲጭን የከረመ ካጋጠማችሁ ሁለት ጊዜ አስቡ፤ የከብት ሽንትም ጨው አለው፣ በካሶኒው (በዕቃ መጫኛው) ወለል ስፌት ወርዶ ሻንሲው ላይ ያርፋል። ከመግዛታችሁ በፊት ካሶኒው የተቀመጠበትን ቦታ ሁሉ በካቻቢቴው እጀታ ኳኳ አድርጉ። ጤነኛ ብረት ይጮሃል፤ የተበላው እንደ ካርቶን ድምፁ ይታፈናል።

የትኛውንም ብትመርጡ ዝግጅቱ አንድ ነው። ላቫጆ ወስዳችሁ ከስሩ በኃይለኛ ውሃ አሳጥቡ፣ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አቁሙ፣ የላላውን ዝገት በብረት ብሩሽና በግራይንደር አንሱ፣ ቅባቱን በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) ጥረጉ። ዘይት ያለበት ብረት ላይ ቀለም አይዝም። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር ደግሞ በፍጹም አትግቡ፤ ጠንካራ የብረት መቆሚያ አስገቡበት።

ከሬንጅ ልጀምር፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነውና። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ በብሩሽ ይቀባል፣ የድንጋይና የጎማ ድምፅ ይቀንሳል። ጤነኛና ቀለም ያለው ብረት ላይ፣ በተለይ ጠጠር የሚመታው ፓራፋንጎ ውስጥ፣ ስስ አድርጎ መቀባቱ ክፋት የለውም። ችግሩ ከጊዜ በኋላ ነው። ሬንጅ እያረጀ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ውሃ በስንጥቁ ይገባል፣ መውጫ ግን አያገኝም። ዝገት ከተበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ሬንጁን ከስር እየገፋ ከብረቱ ያላቅቀዋል፤ ከውጭ ሲያዩት ግን አሁንም ጥቁርና ለስላሳ ነው። ያን ቦታ ለመበየድ ስትፈልጉ ደግሞ ሁሉንም መፋቅ ግድ ነው፣ አለዚያ ይነዳል፣ ያጨሳል። እኔ የፋቅኩት በስፓቱላ አራት ቀን ሙሉ ነው።

ኢፖክሲ ፕራይመር፣ ማለትም ብረቱ ላይ መጀመሪያ የሚቀባ መነሻ ቀለም፣ ሌላ ነገር ነው። ቀለሙና ማጠንከሪያው በሁለት ቆርቆሮ ይመጣል፤ በቆርቆሮው ላይ በተጻፈው መጠን ይደባለቃል፣ ከተደባለቀ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ጸድቶ ሻከር ባለ እርቃን ብረት ላይ አጥብቆ ይይዛል፣ ውሃ እንደ ልብ አያሳልፍም፣ ጠጠርም ይችላል። ፀሐይ ላይ ዱቄት ይሆናል ይባላል፣ እውነት ነው፤ ሻንሲ ስር ግን ፀሐይ የለም። ለእኛ አካባቢ ትልቁ ጉዳይ ብርዱ ነው። ብዙዎቹ ኢፖክሲዎች ከ10 ዲግሪ በታች አይደርቁም ማለት ይቻላል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ሌሊቱ ከዚያ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት ብረቱ ጤዛ ያዝላል። ስለዚህ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት አልጀምርም፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላም አልቀባም። ጭንብል አድርጉ፣ በሩን ክፈቱ። እኔ የመረጥኩት ቀለም ግራጫ ነው፤ አንድ ቦታ ዝገት ቢጀምር ግራጫው ላይ እንደ ቢጫ እንባ ወርዶ ይታያል። ጥቁር ላይ አይታይም።

ጉድለቱ ልፋቱ ነው። ጋቢናውና ካሶኒው ካልተነሱ እጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀራል፣ ያልጸዳ ብረት ላይ ከተቀባ ደግሞ ገንዘቡ ባከነ።

ዚንክ ያለበት ፕራይመር የሚሠራው ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ ስለሚበላ ነው፤ ለዚህም እርቃኑን ብረት መንካት አለበት። አዲስ ብየዳ ላይ ድንቅ ነው፣ አሮጌ ቀለም ወይም ዝገት ላይ ዋጋ የለውም። ዝገት ለዋጭ የሚባሉት ፈሳሾች በፎስፎሪክ አሲድ ወይም በታኒክ አሲድ ስስ ዝገትን ወደማይንቀሳቀስ ጥቁር ሽፋን ይቀይራሉ፤ ቅርፊት ለሆነ ዝገት አይበቁም፣ ከላያቸውም ሌላ ቀለም ይፈልጋሉ። ፖር-15ን የመሳሰሉት ዝገት ላይ የሚቀቡ ቀለሞች ደግሞ ከአየር እርጥበት ወስደው ይጠነክራሉ፣ ዝገት ያለበት ሻካራ ቦታ ላይ ከለስላሳ ብረት የበለጠ ይይዛሉ። አንዴ የተከፈተ ቆርቆሮ ክዳኑ እስከ መጨረሻው ሊጣበቅ ስለሚችል የምትፈልጉትን ብቻ በትንሽ ዕቃ ቀድታችሁ ወዲያው ክደኑ።

ሰምና ላኖሊን የቀለም ቤተሰብ አይደሉም። ላኖሊን ከበግ ጠጉር የሚወጣ ቅባት ነው። ሁለቱም እንደ ቀለም አይጠነክሩም፣ በስፌትና በብሎን ሥር ይሾልካሉ። ላኖሊኑ ቢጫር እንኳ ቀስ ብሎ ተመልሶ ይሸፍናል። ብረቱም ከስራቸው ስለሚታይ አይደብቁም። አቧራ ይስባሉ፣ ላኖሊኑ ለጥቂት ቀን ይሸታል፣ በየዓመቱ መታደስ አለባቸው፣ ላቫጆው ከስሩ ሲያጥብም ጥቂት ይወስዳል። ግን ሌላው ሁሉ የማይችለውን አንድ ነገር ይችላሉ፦ ጫፉ ላይ ቀጭን ቱቦ ባለው መርጫ ሻንሲው ውስጥ ይገባሉ። ሻንሲ ብዙ ጊዜ መበላት የሚጀምረው ከውስጥ ነው፣ እዚያ ደግሞ ብሩሽ አይደርስም።

ብዙ ሾፌር በዚህ ፋንታ የተቃጠለ ዘይት በናፍጣ አቅጥኖ ይረጫል። ዝገቱን ለጊዜው ያዘገያል፣ አልክድም። ነገር ግን ከሞተር የወጣ ዘይት ውስጥ አሲድና የብረት ብናኝ አለ፣ የሻንሲና የባሌስትራ ጎማዎችን ያበላሻል፣ ለቆዳ መርዝ ነው፣ ተንጠባጥቦም አትክልት የሚበቅልበት አፈር ውስጥ ይገባል። እኔ ጓሮዬ ላይ አላደርገውም።

ጋቢናና ካሶኒ አንስታችሁ የምታድሱ ከሆነ ሳትጠራጠሩ ከውጭ ኢፖክሲ፣ ከውስጥ ሰም አድርጉ፤ ብየዳው ላይ ከስር ዚንክ ጨምሩ። መኪናውን በየቀኑ እየነዳችሁ የምትጠብቁ ከሆነ ኢፖክሲ አያዋጣችሁም፤ ላኖሊን በጥቅምት ብረቱ ሲደርቅ ርጩ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ደግሞ ተመልክታችሁ የሳሳውን ሙሉ። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ የሰም ጣሳ ግዙና የቀረውን ለላቫጆ አስቀምጡት። ቀድሞ ሬንጅ ካለበት በላዩ ላይ ምንም አትጨምሩ፣ ፍቁት።

ከመርጨታችሁ በፊት ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን)፣ የፍሬን ጎማ ቱቦዎችንና ከበሮዎቹን በላስቲክና በፕላስተር ሸፍኑ። የሻንሲው የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ክፍት መሆናቸውንም በሽቦ ፈትሹ፤ ሬንጅ ቀቢዎች ብዙ ጊዜ ይደፍኗቸዋል። የእኔው ሃይሉክስ ላይ በግራ በኩል ያለው ቀዳዳ ውስጥ ሽቦ ሳስገባ መጀመሪያ ጭድ ያለበት ዋልካ ወደቀ፣ ቀጥሎ ሁለት ብርጭቆ የሚሞላ ቀይ ውሃ እጅጌዬ ውስጥ ወረደ።