ለኤምጂቢ የመረጥሁት ዘይት፦ ካስትሮል ክላሲክ ኤክስኤል 20ደብሊው-50

እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 የተመረተውን ኤምጂቢ የተባለ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና የያዘ ሰው ለዘመናዊ ሞተር የተዘጋጀውን ቀጭን ሰው ሠራሽ ዘይት ሊሞላበት አይገባም፤ ይህ የእንግሊዝ ሞተር የተነደፈው ወፈር ባለ ማዕድናዊ ዘይት እንዲሠራ ነውና። ካስትሮል ክላሲክ ኤክስኤልን የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ በሚኒሞ ሲዞር እንኳ የዘይት ግፊቱ ከሚገባው በታች አልወረደብኝም። በብርድ ጠዋት ግን ዘይቱ ቶሎ ስለማይዳረስ፣ መኪናውን ከማንቀሳቀሴ በፊት ጥቂት እታገሣለሁ።

ዘይት ሲመረጥ ከውፍረቱ ቁጥር (20ደብሊው-50 ከሚለው) ይልቅ ብዙዎች የሚዘነጉት የዚንክና የፎስፈረስ ውህድ ጉዳይ ነው። በእነዚህ ሞተሮች ውስጥ ካምሻፍቱ (ቫልቮችን የሚያስከፍተው ዘንግ) ጠፍጣፋ ታፔቶችን፣ ማለትም ግፊቱን ወደ ቫልቮቹ የሚያስተላልፉትን ክፍሎች፣ እየፈተገ ስለሚገፋ፣ ብረት ብረትን እንዳይበላ የሚከላከለው ይህ ውህድ ነው፤ በብዙ አዳዲስ ዘይቶች ግን የጭስ ማጣሪያውን ካታሊስት እንዳይጎዳ ሲባል መጠኑ ተቀንሷል።

እጅግ ያስደሰተኝ ይኸው አንድ ዘይት ለኤምጂቢ የእጅ ማርሽ ካምቢዮና ለኤስዩ ካርቡራተሮች (ነዳጅን ከአየር ለሚቀላቅሉት ክፍሎች) ማርገቢያም ማገልገሉ ነው። ለዲፈረንሻሉ ግን አይሆንም፤ እርሱ ውፍረቱ ባለ 90 የሆነ የማርሽ ዘይት ይፈልጋል። ጂኤል-5 የተባለው የማርሽ ዘይት ደረጃ ደግሞ ከነሐስና ከናስ የተሠሩ ክፍሎችን ሊጎዳ ስለሚችል፣ እንዲህ ያሉ የሲንክሮ ቀለበቶች (ማርሽ ሲቀየር ፍጥነትን የሚያመጣጥኑ) ባሉበት የድሮ ካምቢዮ ውስጥ እንዲገባ አልመክርም። ለፍሬን ዶት 4 የተባለው የፍሬን ፈሳሽ በቂ ነው፤ ሲሊኮኑን ዶት 5 ከእርሱ ጋር መቀላቀል ፈጽሞ አይገባም።

መኪናው እምብዛም ባይነዳም የሞተሩን ዘይት በየዓመቱ እቀይራለሁ።