«ወርቅ ይጠቁማል» የሚሉትን ባለ አንቴና ማሽን እንዳትገዙ

እባካችሁ ይቺን እስከ መጨረሻው አንብቧት። ከሁለት ወር በፊት አለም ገና ላይ ወርቅ መፈለጊያ ማሽን ገዛሁ። 85 ሺህ ብር። የእቁብ ብሬ ነው፤ ከአክስቴ ልጅ የተበደርኩትም አለበት። የሸጠልኝ ሰውዬ ሰበታም ቡራዩም ደንበኛ እንዳለው ነግሮኛል። ሌላ ሰው ሳይከፍል ልድረስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ማሽኑ እንደ ሽጉጥ የሚጨበጥ እጀታ አለው። ከፊቱ የሬዲዮ አንቴና የመሰሉ ሁለት ዘንጎች ወጥተዋል፣ ወዲህና ወዲያ ይዞራሉ። ስክሪን አለው፣ መብራት አለው፣ ይጮሃል። «30 ሜትር ጥልቀት ያያል፣ ከወርቅ ሌላ ምንም አይጠቁምም» አለኝ። የጣቱን ቀለበት አውልቆ ግቢው ውስጥ ቀበረና ማሽኑን ይዞ ሲጠጋ፣ አንቴናው ዞሮ ልክ እዛው ላይ ቆመ። እኔም ያዝኩት፤ ለእኔም ዞረ። ያመንኩት በዚህ ነው። ግን ሁለታችንም ቀለበቱ የት እንዳለ እናውቅ ነበር! ዘንጉ ልል ስለሆነ እጅ ትንሽ ዘንበል ካለ ይዞራል፤ እጅ ደግሞ ልብ ወዳሰበበት ሳይታወቀን ያዘነብላል።

ከዚያ ወጨጫ ተራራ ሥር ወሰደኝ። «የጣሊያን ጊዜ የተቀበረ አለ፣ የተፈጥሮውም አለ» እያለ። አንቴናው ዞረ፣ ሁለት የቀን ሠራተኛ ቀጥሬ ሦስት ቀን አስቆፈርኩ፣ ድንጋይ ብቻ። ስደውልለት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ወርቁ ቆሌ አለው፣ ይሸሻል፤ ማስለቀቂያ 20 ሺህ ጨምር።» ያኔ ነው የነቃሁት። አልጨምርም ካልኩት ጀምሮ ስልኩ ዝግ ነው።

ጂኦሎጂ የተማረ ጎረቤት አለኝ፤ ቀድሜ እሱን ብጠይቅ ኖሮ ብዬ አሁንም ይቆጨኛል። ወጨጫም፣ ፉሪም፣ እንጦጦም እሳተ ገሞራ የሠራቸው ተራሮች ናቸው። የአገራችን ወርቅ በብዛት የሚወጣው ከእነሱ እጅግ የሚያረጁ አለቶች ካሉበት ነው። ጉጂ ውስጥ ሻኪሶና አዶላን፣ ቤኒሻንጉልን፣ ጋምቤላን፣ ትግራይን ጠቀሰልኝ።

ቤት ስገባ ማሽኑን ራሴ ፈተንኩት። 10 ስኒ ደፋሁ። እኔ ውጭ ሆኜ የእህቴ ልጅ የባለቤቴን ቀለበት በአንዱ ሥር ደበቀ፣ እሱም ፊቱን እንዳላይበት ሌላ ክፍል ገባ። 10 ጊዜ ደጋገምነው፤ ያገኘሁት አንዴ ነው። ያለ ማሽን በግምት ብናገርም ከዚህ የተለየ አይጠበቅም። ከዚያ ሰፈራችን ያሉ ሬዲዮ የሚጠግኑ ጋሼ ብሎኑን ፈትተው አሳዩኝ። ባትሪው ከመብራቱና ከጩኸቱ ጋር ተገናኝቷል፤ አንቴናዎቹ ግን ከምንም ጋር አልተገናኙም፣ ብረት ብቻ ናቸው።

ይሄ ማጭበርበር እኛ ጋ የተጀመረም አይደለም። አንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ ተመሳሳይ ባለ አንቴና ዕቃ «ቦምብ ይጠቁማል» ብሎ ለኢራቅ ሸጧል፤ ፈንጂ ያለፈባቸው ኬላዎች ላይ ሲሠራበት ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. 10 ዓመት ተፈረደበት።

እውነተኛው ብረት መፈለጊያ መሬት ለመሬት የሚሄድ ክብ ሳህን የመሰለ ነገር አለው። እሱም ቢሆን ሳንቲም የሚያህል ነገር የሚያገኘው 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ድረስ ነው። ሰዎች በገበቴ አጥበው የሚያወጡትን ብናኝ ወርቅ አያየውም። ወርቅንም ከለስላሳ ጣሳ መክፈቻ በእርግጠኝነት አይለይም። ስለዚህ «30 ሜትር» እና «ወርቅ ብቻ» ሲሏችሁ በቃ፣ ተነሱና ውጡ።

ሌላም አለ፤ «የወርቅ ፈቃድ አብሮ ይሰጣል» ብሎ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጥቶኛል። የባህላዊ ወርቅ ማውጫ ፈቃድ የሚሰጠው ክልሉ ነው እንጂ ማሽን ሻጭ አይደለም።

ለፖሊስ አመልክቻለሁ። ደረሰኝ ስላልተቀበልኩ ነገሩ ከብዷል፤ በባንክ ያስተላለፍኩበት ወረቀት ግን አለኝ። ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ ቀሪውን አትስጡ፣ መጀመሪያ ስኒ ደፍታችሁ ፈትኑት፤ ሻጩ እምቢ ካለ መልሱ እሱ ነው። ማሽኑ እኔ ቤት እንደተፈታ ተቀምጧል። አለም ገና አካባቢ ያላችሁ ልትገዙ ካሰባችሁ መጥታችሁ ውስጡን እዩት።