መኪናዬ ተጫረች፤ ፖሊሽ ላስደርጋት ወይስ ላስቀባት?

ይሄ ጥያቄ ከፎቶ ጋር ተደጋግሞ ይደርሰኛል። መልሴም ያው ነው፤ ቆይ፣ መጀመሪያ ፖሊሽ፣ ማለትም የቀለሙን ላይ እያሹ ማለስለስ። ለፖሊሽ አደላለሁ፣ አልደብቅም። ለእያንዳንዱ ወዳጅ ለየብቻ ከማስረዳ ግን ምክንያቴን እዚህ ልጻፈው።

ከዋጋ ልጀምር፣ ሰው የሚጎዳው እዚያ ነውና። ቀለም ቀቢ ሒሳብ የሚሠራው በጭረቱ ርዝመት አይደለም። ጭረቷ የጣት ያህል ብትሆንም የምትከፍሉት ለሙሉ በሩ ነው። በሩ ይፈገፈጋል፣ መስታወቱና ላስቲኩ በወረቀት ይሸፈናል፣ ቀለሙ ይረጫል፣ ከላዩ ክሊር፣ ማለትም ቀለሙን የሚጠብቀው ብርሃን አስተላላፊ ሽፋን፣ ይነፋበታል። መኪናዋ ሜታሊክ ወይም ፐርል ከሆነችማ ጣጣው ይብሳል። ሜታሊክ ቀለም ውስጥ ያለው የብረት ብናኝ አቀማመጡ በመርጫው ርቀትና ግፊት ይለዋወጣል። የቀለሙ ኮድ ትክክል ሆኖ እንኳ በሩ ከጎኑ ካለው ፓራፋንጎ ጋር ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ቀለሙን እያሳሳ ወደ ፓራፋንጎው ያሻግረዋል፣ ክሊሩንም እዚያ ድረስ ይነፋዋል። የአንድ በር ጭረት የሁለት አካል ሒሳብ ሆነ ማለት ነው፤ የኋላው በርም ከተነካ ሦስት።

አንዱ ከሌሎቹ በጣም የወረደ ዋጋ ከጠራላችሁ ከእነዚህ ሥራዎች አንዱን ሊዘል አስቦ ይሆናል። የትኛውን እንደዘለለ የሚታወቀው ቆይቶ ነው። አንድ ወዳጄ ጥቁር መኪናውን በርካሽ አስቀብቶ በደስታ ሊያሳየኝ መጣ። ከሩቅ ታበራለች። ጠጋ ብዬ በሩን በመዳፌ ስዳብሰው አቧራው ከክሊሩ ሥር ደርቆ ይኮሰኩሳል። የበሩ ላስቲክ ጥቁር ብናኝ ለብሷል። እጀታው ሳይፈታ ስለተቀባ ዙሪያውን የወረቀት ማጣበቂያው መስመር ቀርቷል። ከዚያ መስመር ላይ ቀለሙ መነሳት ጀመረ። አሁን ያንን ሁሉ ፈግፍጎ እንደገና ማስቀባት ሊኖርበት ነው፤ ያውም ለማስፈግፈጊያው ተጨማሪ ከፍሎ።

የፖሊሽ ሒሳብ ኮምፓውንድ (ቀለሙን የሚያሹበት ቅባት መሰል ማለስለሻ)፣ ስፖንጅና ጉልበት ነው፤ አለቀ። ባይሳካ የከሰራችሁት ያንኑ ትንሽ ገንዘብ ነው፣ በጥንቃቄ እስከተሠራ ድረስ ቀለሙ የትም አይሄድባችሁም። አንዴ ከተቀባ በኋላ ግን ወደ ፋብሪካው ቀለም መመለሻ የለም። ፋብሪካ ላይ መኪናው ገና ባዶ ላሜራ እያለ ቀለሙ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ምድጃ ይጋገራል። ያለቀለት መኪና ላይ ያን ያህል ሙቀት ቢለቀቅ ፕላስቲኩና ሽቦው አይችለውም። ስለዚህ ደህና የሚባል የጋራዥ ምድጃ እንኳ የሚሠራው በ60 ዲግሪ አካባቢ ነው።

በመሸጫው ቀን ደግሞ ገዢ የቀለም ውፍረት መለኪያ ይዞ ይመጣል። የፋብሪካ ቀለም ባብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) አካባቢ ነው። አንዱ በር ላይ 300 ካነበበ ተቀብቷል ብሎ ዋጋ መቁረጥ ይጀምራል። «ኧረ ጭረት ብቻ ነበር» ብትሉት ማን ይሰማችኋል?

ጭረታችሁ በፖሊሽ ይወጣ እንደሆነ ለማወቅ ቦታውን አጥቡና አድርቁ። ከዚያ ትንሽ ውሃ ጣል አድርጉበት። ውሃው ሲሸፍነው ጭረቱ ከጠፋ ጉዳቱ ክሊሩ ላይ ነው፣ ደስ ይበላችሁ። ቀጥሎ ጥፍራችሁን ጭረቱን አቋርጣችሁ ጎትቱት። ካልያዘው ይወጣል። ያዝ ካደረገው ይደበዝዝ ይሆናል እንጂ ጨርሶ ላይጠፋ ይችላል። ከጭረቱ ሥር ነጭ ወይም ግራጫ ከታየ ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባው ሥረ ቀለም ላይ ደርሷል፣ ብረት ካብለጨለጨ ደግሞ ፖሊሽን እርሱት።

ነጭ መስመር ሁሉ ግን ጭረት አይደለም። የገጫችሁ መኪና ወይም ግድግዳ የራሱን ቀለም ለጥፎባችሁ ሊሆን ይችላል። ስትዳስሱት ጎድጎድ ሳይሆን ከፍ ካለ የባዕድ ቀለም ነው፣ ትንሽ ኮምፓውንድ በጨርቅ ሲያሹበት ይለቃል። ለዚህ ብሎ ሙሉ በር ያስቀባ ሰው አውቃለሁ። (የጥርስ ሳሙናውን ምክር ደግሞ ተዉት። እሱ የሚያጠፋው ጭረት መጀመሪያውኑም ብዙ የማይታይ ነው።)

ፖሊሽም አጭበርባሪ አለው። እውነተኛ ፖሊሽ ጭረት አይሞላም፤ በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ክሊር በጥቂት ማይክሮን ዝቅ አድርጎ ያስተካክላል። በርካሽ የሚሠራው ግን ብዙ ጊዜ ቅባትና ሰም ሞልቶባችሁ ይሸኛችኋል። መኪናዋ ፏ ብላ ትወጣለች፣ ከጥቂት እጥበት በኋላ ጭረቱ ተመልሶ ይመጣል። መፍትሔው ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ነው። በውሃ የቀጠነ አልኮል በንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ ቦታውን ጥረጉት፣ ከዚያ በስልክ መብራት ሰያፍ አድርጋችሁ እዩት። ሰም ከሆነ ጭረቱ ያኔውኑ ብቅ ይላል። ይሄን ሲያይ ፊቱ የሚለዋወጥ ሠራተኛ አጋጥሞኛል።

ኮምፓውንዱ ራሱም ይኮረጃል። የታወቀ ስም የተለጠፈበት ጠርሙስ ውስጥ አሸዋ የመሰለ ነገር ይሞላና ጭረት ሲያጠፋ ሌላ ጭረት ይዘራል። መጀመሪያ የማይታይ ጥግ ላይ አስሞክሩ። ማሽኑንም ተመልከቱ። ባንድ ቦታ ብቻ በፍጥነት የሚሽከረከረው ዓይነት ባልሠለጠነ እጅ ቀለም ያቃጥላል፣ በተለይ ክሊሩ የሚሳሳበት የኮፈኑና የበሩ ጠርዝ ላይ። እየተሽከረከረ ቦታም የሚቀያይረው ዓይነት ቀርፋፋ ቢሆንም ልብ ያሳርፋል።

ደግሞ ፖሊሽ እወዳለሁ ተብሎ በየጊዜው አይደረግም። ክሊሩ ባብዛኛው ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፣ ከፀጉር ይቀጥናል። ፀሐይን የሚመክተው እሱ ነው። ካለቀ ቀለሙ ይነጣል፣ ይላጣል፤ ያኔ ወደዳችሁም ጠላችሁም ማስቀባት ነው።

ማስቀባት የግድ የሚሆነው ክሊሩ መላጥ ሲጀምር፣ ላሜራው ጎድጉዶ ቀለሙ ሲሰነጠቅ ወይም ሰፊ ቦታ እስከ ብረቱ ሲፋቅ ነው። የተሰነጠቀ ፓራውልትም እንዲሁ፤ እሱ ላይ ግን ለፕላስቲክ የሚሆን ማጣበቂያ ፕራይመር (ሥረ ቀለም) መቀባቱን በዓይናችሁ እዩ። ያለሱ የተቀባ ፓራውልት በግፊት ውሃ ሲታጠብ ቀለሙ በቁራጭ በቁራጭ ይነሳል።

ጭረቱ እስከ ብረቱ ጠልቆ ቀጭን ከሆነ ግን ለእሱም በር አታስቀቡ። በመኪናችሁ ኮድ የተቀላቀለ ትንሽ ቀለም በቀጭን ብሩሽ፣ ስስ አድርጋችሁ፣ እያደረቃችሁ ደራርቡበት። ክሊር ጨምሩና በደንብ ይድረቅ። ከዚያ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ አለሳልሳችሁ ፖሊሽ አድርጉት። ጠጋ ብሎ የሚፈልግ ሰው ያገኘዋል፣ ዝገት ግን በቀላሉ አይገባበትም።