ክሬሙን አልሸጥልህም ላለችኝ እህቴ

ይህን ጽሁፍ ለመጨረስ ሦስት ወር ፈጀብኝ። እጽፋለሁ፣ መልሼ እሰርዛለሁ። ትናንት ማታ ባለቤቴ "ያኔ እንዲህ ያለ ነገር ብታነብ ኖሮ ስንት ወር በከንቱ ባልተሰቃየን ነበር" አለችኝ። ስለዚህ ልጻፈው። ምስጋናው አዲስ አበባ፣ ሳሪስ አካባቢ፣ ሰፈራችን ላለች አንዲት ፋርማሲስት ነው።

ችግሬ በግንኙነት ጊዜ ቶሎ መጨረስ ነበር። ሰው ሁሉንም ጠቅልሎ ስንፈተ ወሲብ ይለዋል። ከተጋባን አራት ዓመታችን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ደህና ነበርኩ። ከዚያ ቀስ በቀስ መጣ። መጨረሻ ላይ አንድ ደቂቃ እንኳን አይሞላም ነበር። ሲመሽ መፍራት ጀመርኩ። ሥራ በዛብኝ እያልኩ አመሻለሁ። ባለቤቴ ሌላ ሴት የያዝኩ መሰላት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስታለቅስ እየሰማሁ እውነቱን መናገር አቃተኝ። ያቺን ሌሊት አልረሳትም።

ያልሞከርኩት የለም። በቴሌግራም ማር የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። "ግማሽ ሰዓት በዋስትና" ይላል። ገዛሁ። በወሰድኩት ማታ ፊቴ ጋለ፣ ራሴን ሊያፈነዳኝ ደረሰ፣ ልቤ እንደ ከበሮ ይመታል። ቶሎ መጨረሱ ግን እንዳለ ነው። ስደውልለት "ሁለት ሁለት ውሰድ" አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል? በኋላ ሐኪሜ እንዳስረዱኝ፣ እንዲህ ባሉ ማሮች ውስጥ ብልት የሚያቆም መድኃኒት ሳይጻፍ ተቀላቅሎ ይገኛል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪም በ2022 ስለዚሁ አስጠንቅቋል። ናይትሬት የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢበላው ግፊቱ ወርዶ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ከዚያ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው፣ ኮሪደሩ ላይ ሰው ተሰልፏል። ሐኪሙ ቀና ብሎ አላየኝም። "ምን ሆንክ?" አለኝ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኩት። "አልሰማሁም" አለኝ ጮክ ብሎ። ደገምኩት። "ውጥረት ነው" አለና ረጅም የምርመራ ወረቀት ሞላልኝ። የደሞዜን ግማሽ ከፍዬ ወጣሁ። ውጤቱን ያስረዳኝ ሰው የለም። አሁንም ሳስታውሰው ያመኛል። ገንዘቡ አይደለም፣ "አልሰማሁም" ያለበት ድምፅ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ትራማዶል ሰጠኝ። እሱ ትንሽ አዘገየኝ፣ አልዋሽም። ግን የሕመም ማስታገሻ ነው፣ ሱስ ያስይዛል። በሁለተኛው ሳምንት ሳልወስደው ስውል ሰውነቴ ሲጠይቀኝ ተሰማኝና ደነገጥኩ። ጠበልም ሄጃለሁ። እሱን አላማርርም፣ ቢያንስ እዚያ አልቅሼ ቀለል ብሎኝ ነው የተመለስኩት።

በመጨረሻ ስለ ማደንዘዣ ክሬም ሰማሁና ያቺ ፋርማሲ ገባሁ። ከመስታወቱ ጀርባ የቆመችው ልጅ ታናሽ እህቴን ታክላለች። ልወጣ ነበር። ግን "ምን ልታዘዝ?" አለችኝ። ሌላ ሁለት ደንበኞች አጠገቤ አሉ። የክሬሙን ስም በስልኬ ላይ ጽፌ አሳየኋት። አነበበችው፣ ከዚያ እጄን አየች። ስልኩን የያዘው እጄ ይንቀጠቀጣል።

ያደረገችውን ልንገራችሁ። ድምጿን ከፍ አድርጋ "ና ወንድሜ፣ መጀመሪያ ክብደትህን ልመዝንህ" አለችኝና ጥግ ላይ ወዳለው ሚዛን ወሰደችኝ። ሰው ሁሉ ልመዘን የመጣሁ መሰለው። ሚዛኑ 61 አለ። ለሠርጋችን ሱፍ ስለካ 72 ኪሎ ነበርኩ። እዚያው ቆማ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። "ከጥንትም እንዲህ ነበርክ ወይስ በኋላ የመጣ ነው?"

በዚያ ሁሉ መንከራተት ይህቺን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አንድም!

በኋላ የመጣ ነው አልኳት። እጅህ ሁሌ ይንቀጠቀጣል? አዎ። ልብህስ ይመታል? አዎ። ሰው ሲበርደው አንተን ያልብሃል? አዎ። እንቅልፍስ? የለም። እኔ ይህን ሁሉ ጭንቀት ነው እያልኩ ትቼው ነበር። "ክሬሙ አለኝ፣ ግን ዛሬ አልሸጥልህም" አለችኝ። "መጀመሪያ የእንቅርት እጢህን ታየው። ይሄ ከእሱ ሊሆን ይችላል።" የውስጥ ደዌ ሐኪም እንዳይ ነግራኝ የምርመራውን ስም በወረቀት ጻፈችልኝ። አንድ ብር አልተቀበለችኝም። በሦስተኛው ቀን በደጇ ሳልፍ ወጥታ "ሄድክ?" አለችኝ። አልሄድኩም ነበር። አፍሬ በማግስቱ ሄድኩ።

ደሜ ታየ። የእንቅርት እጢዬ፣ ታይሮይድ የሚሉት፣ ከመጠን በላይ ይሠራል። ሆርሞን እንዴት እዚያ ድረስ እንደሚደርስ ዶክተሩ በእርሳስ ሥለው አስረዱኝ፣ ሁሉም አልገባኝም። የገባኝ ይህ ነው። መክሳቱም፣ ላቡም፣ መንቀጥቀጡም፣ ቶሎ መጨረሱም ከአንድ ምንጭ ሊመጣ ይችላል፣ ሆርሞኑ ሲስተካከል ብዙ ወንድ ይሻለዋል። የእንቅርት ኪኒን ጀመርኩ። በአራተኛው ወር ገደማ ወደ ራሴ ተመለስኩ። ይህን ስጽፍ ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

የኔ ምክንያት የሁሉም ሰው ምክንያት አይደለም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለበት ሰው አለ፣ ፕሮስቴት ከሚባለው፣ ከፊኛ ሥር ካለው የወንድ እጢ ሕመም ወይም ከመቆም ችግር ጋር የመጣበትም አለ። ለዚህ ነው የዚያች ልጅ ጥያቄ ትልቅ የሚሆንብኝ። ዶክተሩ ለእነሱም መፍትሔ እንዳለ ነገሩኝ። ለድባቴ የሚሰጡ እንደ ፓሮክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች በሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ ይወሰዳሉ፣ ሥራቸው እስኪታይ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋሉ፣ በድንገት ማቆም ግን አይገባም። ዳፖክሰቲን የሚባለው ከግንኙነት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቀደም ብሎ ይወሰዳል፣ የልብ ሕመም ላለበት ግን አይሆንም። እኔ ልገዛው የሄድኩት ክሬምም መጥፎ ነገር አይደለም። ሊዶኬይን ያለበት ነው፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ቀድሞ ይቀባል፣ ከዚያ ይታጠባል፣ ካልታጠበ ሚስትንም ያደነዝዛል። ከሚስት ጋር ተነጋግሮ ሊመጣ ሲል ቆም፣ ሲበርድ ደግሞ ቀጠል የሚደረግበት ልምምድም አለ። ይህን እኛም ሞክረነዋል። ከመድኃኒቱ እኩል የጠቀመን እሱ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ያነጋገረን እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዶክተሩ "ልጄ፣ ስንት ደቂቃ ነው ትክክል ብለህ የምታስበው?" ሲሉኝ ግማሽ ሰዓት አልኳቸው። በአምስት አገሮች ጥንዶች ሰዓት ይዘው ሲለኩ መካከለኛው 5 ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ እንደነበር ነገሩኝ። እቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት ዝም ብላ አየችኝ። "እኔ መቼ ሰዓት አልኩህ፣ እኔ አንተን ነው ያጣሁት" አለችኝ። ያን ዕለት ማታ ሁሉንም ነገርኳት። ማሩንም፣ ትራማዶሉንም፣ አመሽ የነበረው የት እንደሆነም።

ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ለማር ሻጭ ብር አትላኩ። ታመመ ብሎ የሚስቅባችሁ ሐኪም ከገጠማችሁ ሌላ ሐኪም ሂዱ፣ በቤታችሁ ተቆልፋችሁ አትቅሩ። እህቶች፣ ባላችሁ ሲያመሽ አንዴ በእርጋታ ጠይቁት።

ፋርማሲስቷ ስሟ እንዲጻፍ አልፈለገችም፣ አከብርላታለሁ። ቦታውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እነግረዋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ፣ ቤቴን ነው ያተረፍሽልኝ። አሁንም በየወሩ መድኃኒቴን ከእሷ ነው የምወስደው፣ በሄድኩ ቁጥርም ሚዛኑ ላይ ታቆመኛለች። ባለፈው ሳምንት 70 ሲል እጆቿን አጨበጨበች። ቅዳሜ ከሰዓት ሂዱ፣ ሰው ስለማይበዛ ጊዜ ሰጥታ ታነጋግራችኋለች። እሁድ እሷ የለችም።