የተመታ ካርቦን፦ ፍሬሙ፣ ፎርኩ ወይስ መሪው?

ያገለገለ የካርቦን ሳይክል ስትገዙ ከጭረቱ ርዝመት በፊት ያለበትን ቦታ እዩ። አሉሚኒየም ሲመታ ይሰረጉዳል ወይም ይጣመማል፤ ካርቦን ግን ወደ ቅርጹ ይመለሳል፣ የውስጥ ንብርብሮቹ ተላቅቀውም ላዩ ደህና ሊመስል ይችላል።

ፍሬም (ቱቦዎቹ የተጋጠሙበት የሳይክሉ አካል) ላይ ያለ ጉዳት ለዋጋ ድርድር ይመቻል። አጥባችሁና አድርቃችሁ ባትሪ ከጎን አብሩበት። መስመሩን በጥፍር ዳስሱት፣ ዙሪያውን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ከረገበ ወይም ከተንጣጣ ተሰብሯል። ቀለም ብቻ መሆኑ ካጠራጠረ፣ ባለቤቱ ከፈቀደ (ብዙዎቹ አይፈቅዱም)፣ በረጠበ ባለ 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ብቻ በስሱ አንሱት። መስመሩ ከቀለሙ ጋር ከጠፋ ሰላም ነው፤ ከቀለሙ ሥር ያለው ጥቁሩ የካርቦን ክር ላይ ከቀጠለ ስንጥቅ ነው።

በሳንቲም መታ መታ ማድረግም ይረዳል፤ ጤነኛው ጥርት ያለ፣ የተላቀቀው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ግን የግራውን ቱቦ ከቀኙ ጋር አነጻጽሩ እንጂ ከሌላ ቦታ ጋር አይደለም፤ ፔዳሉ አጠገብ ግድግዳው ስለሚወፍር ድምፁ በተፈጥሮው ይለያል። መሪው ዞሮ የሚመታውን የላይኛውን ቱቦ ጎንም አትዝለሉ። ቀጥ ያለ ቱቦ አዲስ ካርቦን በኢፖክሲ (በጠንካራ ማጣበቂያ) ተደርቦበት በደንብ ይጠገናል፤ ኩሽኔታ የሚቀመጥባቸው ቦታዎች ግን ይከብዳሉ።

ፎርክ፣ ማለትም ፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ፣ ሌላ ነገር ነው። ሲሰበር ፊት ጎማው ይለቅና በግንባር ትወድቃላችሁ። አደገኛው ክፍል መሪው የሚታሰርበት ግንዱ ስለሆነ ሳይፈታ አይታይም። ሻጩ አላስፈታም ካለ ተዉት። ስንጥቅ ካለው አይጠገንም፤ የአዲስ ፎርክ ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስ።

መሪም እንደዚያው ነው። የተጠቀለለበትን ቴፕ አንስታችሁ የፍሬን እጀታው የታሰረበትንና መሃሉን እዩ፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ብሎን ሳይወድቅም ያደቀዋል። የብሎኑ የማጥበቂያ ኃይል ልክ ብዙ ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር ነው፣ ዕቃው ላይ የተጻፈው ግን ይቀድማል። ከተጠራጠራችሁ አሉሚኒየም ግዙ፤ የክብደቱ ልዩነት ጥቂት አስር ግራሞች ነው።

የኮርቻ ዘንግ ከተሰነጠቀ ቀይሩት፣ ርካሽ ነው። ፍሬን የሚይዘው ጠርዙ ያበጠ ቸርኬ ሙቀት በልቶታልና አይገዛም።

በአንድ ዋጋ ሁለት ሳይክል ቢቀርብ፣ የኋላ ቱቦው ተጠግኖ የሥራው ፎቶ ያለው፣ ፎርኩም ተፈትቶ ንጹህ ሆኖ የታየውን፣ ጭረት ከሌለው ግን ወድቆ ካልተፈተሸው አስቀድሙ።